ድምፅ ብቻ ነው የቀረጽኩት

በሐይቅ ከተማ ከደሴ ወልድያ መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ የመስጊዱ ጀመዓ ያሠራው አንድ ግቢ አለ። ጧሪ ቀባሪ ያጡ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ይኖሩበታል። የወረዳ ሰዎች ሪፖርት ሲጽፉ «የአረጋውያን መጠለያ» ይሉታል፤ እኛ «ቤቱ» ነው የምንለው። ያለ ደሞዝ የምናገለግለውን ደግሞ ኻዲም ይሉናል። እኔ ከኻዲሞቹ አንዷ ነኝ፤ ማዕረጉ ከሥራዬ ይበልጣል።

እዚያ የገባሁት ከሪያድ በተመለስኩ በዓመቱ ነው። በጎነት ገፍቶኝ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ሪያድ ሰባት ዓመት የሰው እናት አጥቤያለሁ፣ አጉርሻለሁ፣ ከጎን ወደ ጎን ገልብጫለሁ፤ የራሴን እናት ግን ያጠባትም የቀበራትም ጎረቤት ነው። ተመልሼ ሱቅ ከፈትኩ፤ ጅልባብና የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ እጄ የሚሠራው ያጣል። አሮጊት ማጠብ የለመደ እጅ ሥራ ሲፈታ እንደሚያሳክክ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ቤቱ የመስጊድ ይሁን እንጂ በሩ ላይ ማንም ሃይማኖቱን አይጠየቅም። ከወንዶቹ ክፍል ሁለት ክርስቲያን ሽማግሌዎች አሉ። ሥጋ የታረደ ቀን ለእነሱ ሌላ ድስት እንጥዳለን፤ ዓሣ የተገኘ ቀን ግን አንዱ ይበቃል፤ ዓሣ የማንንም ቢላዋ አይጠይቅምና። ዓሣውን የምታመጣልን ማተቧ ከአንገቷ የማይወርድ የአንድ ዓሣ አስጋሪ ሚስት ናት። ሰኞና ሐሙስ ልብስ ስናጥብ ከእኔ ጋር ጥንድ ነን። ምላሷ ከእኔም የባሰ ስለሆነ እንስማማለን።

የቤቱ ምሳ አብዛኛው ከዐረብ ሀገር ነው የሚመጣው። ከዚህ የሄዱ ልጆች ስልክ ላይ ግሩፕ አላቸው፤ ተራ ገብተው ያበላሉ። አንዷ ለሞተ አባቷ ሰደቃ ብላ፣ አንዷ ለታመመ ወንድሟ፣ አንዷ ደግሞ የአሠሪዋ ልብ እንዲራራላት። ለዚህ ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ምርቃቱን ላኪልን»። ከምሳ በኋላ አሮጊቶቹ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ በስልኬ እቀርጽና እልካለሁ። ይህን ሥራ ማንም አልሰጠኝም፤ ስልኬ ከሁሉም ስልክ የተሻለ ስለነበር ራሴን በራሴ ሾምኩ። ቤቱን የሚመሩት ሸኽ «ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ» ይሉ ነበር። የእኔ ግራ እጅ ስልክ ይዞ ነበር የሚቆመው።

ለማያውቅ ሰው ምርቃት መላክ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። እኔ ግን ሪያድ እያለሁ አንዲት የማላውቃት የሰው እናት «ከባዕድ እጅ በሰላም ያውጣችሁ» ስትል በስልክ ሰምቼ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ አልቅሻለሁ። በሰው ቤት ለሚያድር ሰው የአሮጊት ምርቃት ከደሞዝ ቀጥሎ ያለ ነገር ነው። አንዳንድ ቀን ይቀድማል።

እማማ የመጡት ከአምባሰል ዳገት ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔም እማማ ነበር የምላቸው። ጎረቤታቸው በባጃጅ አምጥቶ ከነምርኩዛቸው በሩ ላይ አወረዳቸው። ቤታቸው በጦርነቱ ጊዜ ጣራው ተነድሎ፣ በኋላ በመጣው ክረምት ግድግዳው ተደርምሷል። ላማቸውን ሸጠው በልተዋል። የቀራቸው ጂዳ ያለች አንዲት ልጅ፣ አንዲት ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክና ምላሳቸው ነበር። እንደ እሳቸው የሚመርቅ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም። ሌሎቹ «አላህ ይስጥሽ፣ ይጨምርልሽ» ብለው ሲያበቁ፣ እሳቸው ከራስ ጠጉርሽ ጀምረው እስከ እግር ጥፍርሽ ይወርዳሉ። መንገደኛውን በመንገዱ፣ እርጉዟን በምጧ፣ ቅጥረኛዋን በአሠሪዋ ልብ በኩል ይመርቃሉ።

በመጡ በሁለተኛው ቀን ስልኬን ሳወጣ አዩኝና እጄን ያዝ አደረጉ።

«ልጅየ፣ እኔን ፎቶ እንዳታነሽኝ።»

«ምነው እማማ? ያምርብዎታል እኮ።»

«ማማሬን ተይው። ልጀ የማታውቀው ነገር አለ» አሉና አጠገባቸው አስቀምጠው ነገሩኝ። ልጃቸው ስትሄድ «ቤቱን በቆርቆሮ አሠርቼልሽ እስክመጣ ከዚህ ቤት እንዳትወጭ» ብላ አስምላቸዋለች። አሁን መውደቁን ብትሰማ ሥራዋን ጥላ ልምጣ ትላለች። መምጣት ቢያቅታት ደግሞ ሀገሬው «እናቷን ለጀመዓ ጥላ ዐረብ ሀገር ትዞራለች» ይላታል። «የልጀ ስም ከሚጠፋ እኔ ብዋሽ ይሻላል። አላህም ይህን አይቆጥርብኝም» አሉኝ። ወላሂ ፎቶዎትን አላነሳም ብዬ ቃል ገባሁ።

ልጃቸው በየጁምዓው ትደውላለች። እማማ ያን ሰዓት ስልካቸውን ጉያቸው ከተው ከግቢው ጥግ ካለችው ዋንዛ ሥር ይቀመጣሉ፤ የሰው ሳል፣ የብዙ ድስት ኳኳታ እንዳይሰማ። እኛም ድምፃችንን እንቀንሳለን፤ የዓሣ አስጋሪው ሚስት እንኳ ትቀንሳለች። እማማ ስለ ላሟ ያወራሉ። የሌለችውን ላም ያልባሉ፣ ጥጃዋን ያስራሉ፣ ሣሩ ዘንድሮ ጥሩ ነው ይላሉ። አንድ ጊዜማ ጭልፊት ጫጩት ወሰደብኝ ብለው ከልባቸው አዘኑ። ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኛ እያዘገሙ፣ «አላህ አፉ ይበለኝ፣ ዛሬም አለብኳት» ይሉናል። እንስቅ ነበር። እሳቸውም አብረውን ይስቁ ነበር።

የእኔ ጥፋት የተሠራው ለዐረፋ ነው። የግሩፑ ልጆች ተሰባስበው በሬ ገዙ፤ ለክርስቲያኖቹ ሽማግሌዎች ደግሞ ዓሣ ይጠበስ ብለው አደራ አሉ። ለእኔም «የዛሬውን ምርቃት ረጅሙን ላኪልን» ብለውኛል። አሮጊቶቹ ግን ያን ቀን ጠግበው ነው መሰለኝ ምርቃቱ ከአፋቸው አልወጣ አለ፤ ግማሾቹ ያንቀላፋሉ። ያን ጊዜ እማማ ከግድግዳው ጥግ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ጀመሩ።

«እናንተ የሰው ደጅ የምትጠርጉ፣ የናንተ ደጅ ይጠረግላችሁ። የሰው ልጅ ያዘላችሁ፣ የራሳችሁን እቀፉ። የሰው እናት ያጠባችሁ፣ እናታችሁን በደህና አግኙ። ኸይሩን ያቅርብላችሁ፣ ሸሩን ያርቅላችሁ…»

ያንቀላፉት ሁሉ ነቅተው አሚን አሉ። እኔ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ካሜራውን ወደ ምንጣፉ ደፋሁት። በምስሉ ላይ የሚታየው ምንጣፍ ብቻ ነው። ፎቶ አታንሽኝ ነው ያሉት፤ እኔ ድምፅ ብቻ ነው የቀረጽኩት አልኩ ለራሴ። ይህን ብልጠት የተማርኩት ሰባት ዓመት በሰው ቤት ነው፤ የታዘዙትን ቃል በቃል ፈጽሞ የፈለጉትን ማድረግ። ላክሁት። ደስ ያለኝ ደግሞ ስለ ልጆቹ ብቻ አልነበረም። በሁለት ቀን ውስጥ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ዞሮ የማላውቃቸው ሰዎች «አንች ነሽ ወይ ይህን የላክሽው?» ሲሉኝ ደረቴ ተነፋ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ በስልክ የወጣው ባሕር ተሻግሮ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከማላውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት መጣልኝ። አንዲት ደንበኛ ለልጇ ቀሚስ እየለካች ሳለ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁት።

«እህቴ፣ ያች የምትመርቀው እናቴ ናት። ምን ልትሠራ እናንተ ጋ መጣች? ለበዓሉ ሰደቃ ተጠርታ ነው በይኝ፣ ባክሽ።»

ውሸቱን ራሷ አዘጋጅታ አቅርባልኛለች፤ የእኔ ድርሻ «አዎ» ማለት ብቻ ነበር። እማማ ቢሆኑ ዓይናቸውን ሳያሹ ይሉት ነበር። እኔ ግን ደንግጬ ዝም አልኩ። ዝምታዬ እስከ አስር ሰዓት ቆየ፤ ለእሷ ይኸው መልስ ሆነላት። አመሻሹ ላይ ደወለች፤ ሁሉንም ነገርኳት።

አላለቀሰችም። «ቤቱስ?» አለች።

«ወድቋል።»

«ላሟስ?»

«ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት ተሸጣለች።»

«ባለፈው ጁምዓ ወለደች ብላኝ ነበር» አለች።

መምጣት አትችልም፤ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው፣ ውሏም ገና ነው። «እናቴ ማወቄን ካወቀች በኀፍረት ትሞትብኛለች» አለችኝ። «እንዳላወቀ ሰው እሆናለሁ። አንችም እንዳትነግሪያት፣ ማይልኝ።» ወላሂ አልነግራቸውም አልኩ። ለእናት አንድ፣ ለልጅ አንድ፣ ሁለት መሐላ ተሸክሜ ሱቄን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲህ የጁምዓውን ስልክ መስማት ለእኔ ቅጣት ሆነ። ልጅቷ እንደ ቀድሞው ትደውላለች፤ እንደ ቀድሞው «ላሟ እንደት ናት?» ትላለች፤ እማማ ስለ ወተቱ ይነግሯታል። በየወሩ ደግሞ ስሟን ደብቃ ለቤቱ ምሳ መላክ ጀመረች። እማማ «የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ስሟ እንዲጠራ የማትፈልግ ናት አልኳቸው። «እንዲህ ነው እንጅ ሰደቃ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ፤ «የወለደችሽ እናት ትኩራብሽ። ናፍቆቷን በዓይኗ ያሳያት። አንችም ሳትሳቀቂ ግቢላት።» አሚን ያልነው ስንት ሰው እንሆናለን፤ ለማን እንደሚመርቁ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለዓሣ አስጋሪው ሚስት ግን ተነፈስኩ። ብርድ ልብስ እየጠመዘዝን ነበር፤ እሷ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው።

«እናትና ልጅ መሐል ተቀምጠሽ ሁለቱንም ታፍኛለሽ» አለችኝ። «ንገሪያቸው።»

«ምያለሁ አልኩሽ እኮ።»

«የመጀመሪያውን መሐላ ምን በላው? አንች ሲያሰኝሽ የሚጠብቅ፣ ሲያሰኝሽ የሚያንቀላፋ መሐላ ነው ያለሽ።»

ጫፌን ለቅቄ ሄድኩ። ሳምንት ሙሉ ጎን ለጎን ስናጥብ አላናገርኳትም። የተናደድኩት ልክ ስለነበረች ነው። ልጃቸው እንዳወቀች ለእማማ ብነግራቸው፣ ቀጥለው የሚጠይቁኝን አውቃለሁ፤ «ከማን ሰማች?» ይሉኛል። መሐላው ሽፋን ነበር እንጂ ያፈነኝ ይኼ ጥያቄ ነው።

አንድ ጁምዓ እማማ ስልኩን ዘግተው ሲመለሱ እንደ ወትሯቸው አልሳቁም። «ልጀ ስለ ላሟ መጠየቅ አበዛች» አሉ። «ዱሮ አንድ ጊዜ ጠይቃ ወደ ሌላ ታልፍ ነበር።» ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። እኔ የደረቀ ልብስ ከገመዱ ላይ ማውረድ ጀመርኩ።

ክረምቱ ሲገባ ታመሙ። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ መድኃኒት ሰጥታ፣ ለእኛ ለብቻችን እርጅናም ስላለበት ተዘጋጁ አለችን። ዋንዛው ሥር መሄድ ስላቃታቸው በጁምዓ ስልኩን ጆሯቸው ላይ የምይዝላቸው እኔ ሆንኩ። እንዲህ ነው ቀጥሎ የሆነውን ሁሉ በጆሮዬ የሰማሁት።

በመጀመሪያው ጁምዓ፣ «ላሟን ሸጥኳት ልጅየ፣ ከነጥጃዋ። ማለብ አቃተኝ» አሏት።

«ደግ አረግሽ እማ።»

በሚቀጥለው ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጠሁ አሉ። ልጅቷ አሁንም ደግ አረግሽ አለች። በሦስተኛው ጁምዓ ድምፃቸው በጣም ደክሞ ነበር። «ቤቱን ዘግቼ ክረምቱ እስኪያልፍ ሰው ዘንድ ልቀመጥ ነው» አሉ።

ከዚያ ማዶ ትንፋሿ ይሰማኛል። «ደግ ሰዎች ናቸው?»

«ደግ ናቸው። ያጥቡኛል፣ ያጎርሱኛል። አንች አታስቢ።»

አንዲት ቃል ነበር የቀራቸው። እማማ ከእውነቱ ደጃፍ ደርሰው ቆመዋል፣ ልጅቷ ከውስጥ በኩል ቆማለች፣ በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ደህና ዋይ ተባብለው ዘጉ።

«ላሟን ለምን ሸጧት እማማ?» አልኳቸው። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

«እኔ ስሞት ትመጣለች» አሉኝ። «መጥታ ላሚቱን ብትል፣ ዶሮዎቹን ብትል ምን ልትሏት ነው? ስትመጣ የምትፈልገው ነገር እንዳይኖር ብየ ነው።»

መቻል አቅቶኝ አለቀስኩ። እሳቸው እጄን ይዘው «አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጅየ» ይሉኛል። የሚሞቱት እሳቸው፣ የሚያጽናኑት እሳቸው። አሁን ካልነገርኳቸው መቼ ልነግራቸው ነው ብዬ ቆረጥኩ።

«እማማ…»

«ወየ።»

«ውሃ ልስጥዎት?» አልኩ።

ሮብ ጠዋት፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ አረፉ። ከሁለት ሴቶች ጋር ሆኜ አጠብኳቸው። ቀላል ነበሩ። ሰባት ዓመት ያጠብኳትን የሪያዷን አሮጊት እንኳ እንዲህ ቀስ ብዬ አጥቤ አላውቅም። ከፈኑን ስናስር ስልኬ ጠራ፤ ልጃቸው ናት፤ ሸኹ በእማማ ስልክ ደውለው ነግረዋታል። «ጀናዛዋን ልስማ፣ ስልኩን አትዝጊብኝ» አለችኝ።

ወንዶቹ በግቢው ውስጥ ተሰለፉ። ሁለቱ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱ ሌላውን ደግፎ ወጥተው ከአጥሩ ጥግ ቆሙ። እኛ ሴቶቹ ከግድግዳው ሥር ነበርን፤ የዓሣ አስጋሪው ሚስት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከጎኔ ቆማለች። ከሶላቱ በፊት ሸኹ ወደ ሰዉ ዞሩ። በሀገራችን ሙት ሳይሰገድበት የሚጠየቅ ነገር አለ።

«ጀመዓ፣ ይህች እናት በእጇም በምላሷም የበደለችው፣ ያስቀየመችው ሰው ካለ፣ ለአላህ ብላችሁ አፉ በሏት።»

«አፉ ብለናል» አለ ሰዉ። ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነገር ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ እሳቸው የበደሉት ሰው አልነበረም። የበደላቸው ነበረ፤ እሱን አፉ በይው ብሎ ሟቿን የሚጠይቅ ግን የለም። ጊዜው አልፏል።

ከእጄ ውስጥ የልጅቷ ድምፅ መጣ። ከሰዉ ጋር እኩል ለማለት ሞክራ ዘግይታለች። «አፉ ብያለሁ እማ» አለች። «የላሟን ሁሉንም አፉ ብያለሁ።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«ማወቄን አውቃ ነው የሞተችው?» አለችኝ።

«አላወቁም» አልኩ። «አልነገርኳቸውም።»

ቃሬዛው ሲነሳ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» የሚለው ድምፅ ግቢውን ሞላው። እሷ ከዚያ ማዶ ታለቅሳለች። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ወደ ዳገቱ ሲዞር ነው ድምፅዋ ተመልሶ የተሰማኝ።

«አንች ምን ጥፋት አለሽ?» አለች። «አትንገሪያት ብየ ያስማልኩሽ እኔ ነኝ። እኔው ነኝ እናቴን ብቻዋን የሸኘኋት።»

የዓሣ አስጋሪው ሚስት ሰምታለች። ዞር ብላ ትክ ብላ አየችኝ። ልጅቷ የራሴን ዕዳ ራሷ ላይ ጭና እየተንሰቀሰቀች ነበር፤ ላወርድላት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አብሽሪ» አልኳት፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም።